ትምህርቶችን በዝናብ መለኪያና በአንድ ኮምፒውተር ስለማቀናጀት

በጎጃም ኮምፒውተርን ከሌሎች ትምህርቶች ጋር ለማቀናጀት የሚሻ መምህር፣ ከመሣሪያው ይልቅ ተማሪዎቹ ከሚያውቁት ጉዳይ ቢነሣ ይበጃል፤ ለጮቄ ተራራ አካባቢ ልጆች ደግሞ ዝናብ ቅርብ ነው። ክረምቱ ሲበረታ ትምህርት ቤት ዝግ ስለሚሆን፣ ዝናቡ ሳያባራ በመስከረም መጀመር ይሻላል።

አስቀድመው የጂኦግራፊ፣ የሒሳብና የአማርኛ መምህራን ድርሻቸውን ይከፋፈሉ። ተማሪዎች ጎኑ ቀጥ ያለ፣ ወለሉ ጠፍጣፋ የሆነ ዕቃ ገላጣ ቦታ አስቀምጠው፣ በየማለዳው በተመሳሳይ ሰዓት የውኃውን ከፍታ በማስመሪያ ለክተው ከመዘገቡ በኋላ ይድፉት። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውኃ ስለሆነ፣ ሩብ ሄክታር በሆነ የጤፍ ማሳ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 25,000 ሊትር ይወርዳል። ከሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን ስሌት ነው፤ ቁጥሩ የቤታቸው ጉዳይ ይሆናልና።

ኮምፒውተሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በኤክሴል አንዱን ዓምድ ለቀን፣ ሌላውን ለዝናቡ መጠን ሰጥተው፣ ድምሩን በቀመር፣ ለውጡን በግራፍ ያውጡ። ኮምፒውተሩ አንድ ብቻ ከሆነ ሦስት ሦስት ሆነው ይቅረቡ፤ አንዱ ያንብብ፣ ሌላው ይጻፍ፣ ሦስተኛው ያመሳክር፣ ከዚያም ቦታ ይለዋወጡ። መብራት ቢጠፋ መዝገቡ በደብተር ስላለ ግራፉ በወረቀት ይሠራል። ግኝታቸውንም በአማርኛ ዘገባ ጽፈው በወላጆች ስብሰባ ያንብቡ።