ለበረዶ አገር ትንሽ ኦል ዊል መኪና ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?

አሜሪካ፣ ሚኒሶታ አዲስ የመጣ ሰው መኪና ሊገዛ ሲነሳ የሚሰማው ምክር አንድ ነው፤ «ሱባሩ ግዛና ተገላገል»። አብዛኛው ሱባሩ ኦል ዊል ነው፤ ሞተሩ አራቱንም ጎማ ያዞራል። ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይም ያው፣ ሥራ ቦታም ያው። ምክሩ ክፉ አይደለም። ግን ሰውየው የት እንደሚኖርና መቼ እንደሚነዳ አይጠይቅም።

እኔ የምኖረው ሴንት ፖል ነው። አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የጠዋት ፈረቃ ስለምሠራ ከቤት የምወጣው ጎህ ሳይቀድ ነው። የአገር ልጅ መኪና ሲገዛ «እስቲ አብረን እንየው» እያለ ይዞኝ ይሄዳል። መካኒክ አይደለሁም፤ ጠያቂ ነኝ።

መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ መኪናው አይደለም። ስንት ሰዓት ትወጣላችሁ? መኪናዋስ የት ታድራለች? እዚህ በዓመት በአማካይ ከ50 ኢንች በላይ በረዶ ይወርዳል። ዋና ዋና መንገዶች ግን ቶሎ ይጠረጋሉ፣ ጨውም ይበተንባቸዋል። ረፋድ ላይ ሥራ የምትገቡ ከሆነና አፓርትማችሁ ጋራዥ ካለው፣ በፊት ጎማ የምትሄድ ተራ ኮሮላ ከጥሩ የክረምት ጎማ ጋር ትበቃችኋለች። ለኦል ዊሉ የምትጨምሩት ብር ኪሳችሁ ይቅር።

ጠራጊው ሳያልፍ የምትወጡ ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። በተለይ መኪናችሁ ከቤት ጀርባ፣ ጓሮ መተላለፊያው ላይ የምታድር ከሆነ። ሚኒያፖሊስ ውስጥ የጓሮ መተላለፊያውን ከተማው ይጠርጋል። ሴንት ፖል ግን አይጠርግም፤ ጎረቤት ገንዘብ አዋጥቶ ሰው ይቀጥራል። የተቀጠረው ሰው እስኪመጣ ድረስ እናንተና በረዶው ትፋጠጣላችሁ። ስለዚህ ከሚሲሲፒ ወንዝ ማዶ፣ ሚኒያፖሊስ ያለው ወዳጃችሁ «እኔ በኮሮላ አሥር ክረምት ነድቻለሁ» ቢላችሁ እውነቱን ነው፤ የእናንተ ጓሮ ግን የእሱ ጓሮ አይደለም።

አሁን ወደ መኪናዋ እንምጣ። ኦል ዊል ማለት የሞተሩ ጉልበት ለአራቱም ጎማ ይደርሳል ማለት ነው። ለመነሳት ይረዳል። ዳገት ለመውጣት ይረዳል። ለመቆም ግን ምንም አይጨምርም። ፍሬን ድሮም ቢሆን በየትኛውም መኪና አራቱንም ጎማ ነው የሚይዘው። አገር ቤት ፎር ዊል ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው ላንድክሩዘር ከጭቃ ስትወጣ ነው። እሷ ከባድ ማርሽ አላት፣ ቁመት አላት። ትንሿ ኦል ዊል ግን ከባድ ማርሹ የላትም፤ ብዙዎቹም ቁመት የላቸውም። ዳገቱን እንደ ዋዛ ስትወጣላችሁ ልብ ትሰጣችኋለች፤ ጉዱ ቁልቁለቱ ላይ ነው።

ባለፈው አንዲት እህት መኪናዋን ልትቀይር አማከረችኝ።

«ወንድሜ፣ ልጆች ነው የምጭነው። ኦል ዊል ካልሆነ እፈራለሁ።»

«የምትፈሪው አልነሳ እንዳትልሽ ነው ወይስ አልቆም እንዳትልሽ?»

«መነሳቱንማ ማን ፈራ! አልቆም እንዳትለኝ ነው እንጂ።»

«እንግዲያው ጎማ ግዢ።»

የሚያቆመው ጎማ ነው። መኪኖች ሲገዙ አብሯቸው የሚመጣው ኦል ሲዝን የሚባለው ጎማ፣ ብርዱ ከ45 ዲግሪ ፋራናይት ሲወርድ እየደረቀ መሬቱን መያዝ ይቀንሳል። የክረምት ጎማ ላስቲኩ በብርድም ለስላሳ ሆኖ ይቆያል። ስትገዙ ጎኑን እዩ፤ ሦስት ጫፍ ያለው ተራራ፣ መሃሉ ላይ የበረዶ ቅንጣት ተስሎበት መኖር አለበት። ሻጩ ኤም ፕላስ ኤስ (M+S፣ «ጭቃና በረዶ») የሚለውን ጽሑፍ ብቻ ካሳያችሁ አትርኩ፤ እሱ በረዶ ላይ ተፈትኖ የሚሰጥ ምልክት አይደለም። አፓርትማ ውስጥ ሆናችሁ ትርፍ ጎማ የምታስቀምጡበት ቦታ ከሌላችሁ ኦል ዌዘር የሚባል አለ። ያው የተራራ ምልክት አለው፣ በጋ ከክረምት አይወልቅም። ለብዙው የአገራችን ሰው የምመርጠው እሱን ነው።

ያለው ጎማ ማለቁን ለማወቅ አንድ ኳርተር፣ የ25 ሳንቲም ቁራጭ፣ ይበቃል። ሳንቲሙ ላይ ያለውን የዋሽንግተንን ጭንቅላት ወደ ታች ዘቅዝቃችሁ በጎማው ጥርሶች መሃል ክተቱት። የጭንቅላቱ ጫፍ ከታያችሁ ያ ጎማ ለበረዶ አይሆንም፤ ኦል ዊልም ሆነ አልሆነ።

ሌላው ሰው የሚረሳው ቁመት ነው። ጠራጊው መኪና ሲያልፍ በረዶውን ገፍቶ መውጫችሁ ላይ ይከምረዋል። ካደረ ይጠጥራል። ዝቅ ያለች መኪና እሱ ላይ ወጥታ በሆዷ ከተቀመጠች አራቱም ጎማ ቢሽከረከር ወዴትም አትሄድም። ሱባሩ ኢምፕሬዛ ከመሬት 5 ኢንች አካባቢ ናት። እህቷ ክሮስትሬክ 8.7 ኢንች ናት፣ አንድ ስንዝር ያህል። ሁለቱም ኦል ዊል ናቸው፤ ለእኔ ጓሮ የምትሆነው ግን ሁለተኛዋ ናት። ሻጩ ፊት ተንበርክካችሁ በስንዝር ለኩ፣ አትፈሩ።

ወጪውንም አስቡ። ኦል ዊል ነዳጅ ትንሽ ትጨምራለች፤ የኋላ ዲፈረንሻሏም (የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረው ማርሽ) ዘይት ይፈልጋል። ዋናው ግን ጎማዋ ነው፤ አራቱም እኩል ማለቅ አለባቸው። አንዱ ቢፈነዳና የቀሩት ግማሽ ያለቁ ቢሆኑ፣ አንድ አዲስ ብቻ ማስገባት ጉልበት የሚያከፋፍለውን ክፍል ይጎዳዋል። አራቱንም መግዛት ሊመጣ ይችላል።

ያገለገለች ከሆነች እንዲህ ፈትሿት። ደረቅ ፓርኪንግ ውሰዷት፣ መሪውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዙና በቀስታ ክብ ዙሩ። የእጅ ፍሬን እንደተያዘባት ጎተት ጎተት ካለች ወይ ጎማዋ የተዘበራረቀ ነው፣ ወይ ውስጧ ችግር አለ። ቀጥሎ የእጅ ባትሪ ይዛችሁ ከሥር ግቡ። ጨው የበላው ብረት አይደበቅም፤ በተለይ የፍሬን ቱቦዎቹን እዩ። እዚያ ዝገቱ የሚረግፍ ከሆነ ዋጋ መከራከር ትታችሁ ሂዱ።

ኦል ዊሏን ገዛችሁም አልገዛችሁ የጎማ ቀጠሮ ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ ያዙ። የመጀመሪያው በረዶ በወረደ ማግስት ጎማ ቤት ያለው ሰልፍ አይጣል ነው። ደግሞ ኖቬምበርን እንጠብቅ አትበሉ፤ በ1991 በሃሎዊን ዕለት፣ ኦክቶበር 31፣ የጀመረው በረዶ እዚህ ከ28 ኢንች በላይ ጥሎ ነው ያቆመው።