ድሬዳዋ ሆኖ መጠጥ ለማቆም የሚረዳ ስብሰባ ማግኘት

መጠጥ ለማቆም ከቆረጣችሁ ብቻችሁን አትታገሉ። መጀመሪያ ግን ሐኪም። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው በአንዴ ሲያቆም እጁ ሊንቀጠቀጥ፣ ሊቃዥ፣ አንዳንዴም አንቀጥቅጦ ሊጥለው ይችላል፣ ይሄ ደግሞ ሕይወት ያሳጣል፤ ስለዚህ ድል ጮራ ወይም የሚቀርባችሁ ሆስፒታል ሄዳችሁ የምትጠጡትን ልክ ሳትቀንሱ ተናገሩ። እዚያው የአእምሮ ጤና ባለሙያ ካለ፣ በከተማው የሚሰበሰብ ቡድን ያውቅ እንደሆነ ጠይቁት።

ካጣችሁ ስልካችሁ አለ። በ1935 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተጀመረው አልኮሆሊክስ አኖኒመስ፣ መጠጥ ማቆም የሚፈልጉ ሰዎች እርስ በርስ የሚደጋገፉበት ማኅበር፣ በዙም (በኢንተርኔት የቪዲዮ ስብሰባ መተግበሪያ) የሚካሄዱ ስብሰባዎች አሉት። ክፍያ የለም፣ ሙሉ ስም አይጠየቅም፣ መስፈርቱ የማቆም ፍላጎት ብቻ ነው። ካሜራ ዘግቶ ማዳመጥ ይቻላል።

ሰዓቱን ልብ በሉ። በኒውዮርክ አቆጣጠር አንድ ፒኤም የተባለው፣ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ገደማ ለኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው፣ በቀሩት ወራት 3 ሰዓት። እኔ ምሽቱን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ጫት ተቅሞ ለጨብሲ ‘ና እንጂ’ የሚባለው ያኔ ነው፣ ብዙ ሰው የሚሸነፈውም ያኔ።

የመጀመሪያው ቡድን ካልተመቻችሁ ሌላ ሞክሩ። ለምታምኑት አንድ ሰው፣ ለታላቅ እህትም ይሁን ለንስሐ አባት፣ ሰዓቱን ንገሩና ከስብሰባው በፊት እንዲደውልላችሁ አድርጉ።