ቅንቅን ወይስ ባክቴሪያ? ወፍ አሳዳጊዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ወፍ ሕመሟን ትደብቃለች። በዱር ደከም ያለች ወፍ የጭልፊት ሲሳይ ናት፤ ኬጅ ውስጥ የተፈለፈለችም ብትሆን ይህ ጠባይ አይለቃትም። ላባዋን ነፍታ፣ ኩርምት ብላ ስታገኟት ሕመሙ ሰንብቷል ማለት ነው። ያኔ ሰው ይደነግጥና ምን እንደያዛት ሳያይ መድኃኒት ፍለጋ ይሮጣል። አብዛኛው ጥፋት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው።

ቅንቅንን በቀን መፈለግ

ወፏ ሌሊቱን ስትቁነጠነጥ ታድራለች። ጠዋት ላባዋ ተገልጦ ሲታይ ምንም የለም፤ "ንጹሕ ናት" ይባላል። ደም መጣጩ ቀይ ቅንቅን ግን ቀን ቀን ብዙውን ጊዜ ወፏ ላይ አይውልም። በኬጁ መጋጠሚያ፣ በቆጡ ስንጥቅ ተወሽቆ ውሎ ሲመሽ ይወጣል። ማታ ኬጁን በነጭ ጨርቅ ሸፍኑት፤ ጠዋት እጥፋቱንና ጠርዙን እዩ። ከአንድ ሚሊሜትር የማይበልጡ፣ የሚንቀሳቀሱ ቀይ ነጥቦች ካሉና ስትጫኗቸው ደም ከተዉ፣ ጉዳዩ ታወቀ።

ወፏን አክሞ ቤቷን መርሳት

ይህ ቅንቅን ሲሞቅለት ከእንቁላል ተነሥቶ በሳምንት ገደማ ለአቅመ መራባት ይደርሳል። ምግብ ሳያገኝም ወራት ይቆያል። ስለዚህ ኬጁን ለሁለት ሳምንት ባዶ መተው ዋጋ የለውም። የእንጨት ቆጡን አውጥታችሁ ጣሉ፤ ወፏን ወደ ሌላ ቦታ አዙራችሁ ስንጥቁ ውስጥ የፈላ ውሃ ጨምሩበት፤ ከሳምንት በኋላ ድገሙት። በጣውላ ርብራብ የተሠራ የእርግብ ቤት ያላችሁ ልጆች፣ የእናንተ ሥራ ይበዛል፤ ቅንቅን ከዚያ የተሻለ መደበቂያ አያገኝም። የበረሮ መርጫ ግን ወፍ ባለችበት እንዳትነፉ።

የበግ መድኃኒት በጠብታ መስጠት

በባጂ (በትንሿ የቤት በቀቀን) ምንቃርና በዓይኗ ዙሪያ እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ነጭ ቅርፊት ካያችሁ፣ እርጅና ነው ብላችሁ አትለፉት፤ በጥፍርም አትቅረፉት። ቆዳ ውስጥ የሚኖር ሌላ ዓይነት ቅንቅን ነው። አይቨርሜክቲን የተባለው የጥገኛ ተባይ መድኃኒት ይገድለዋል። ችግሩ መጠኑ ላይ ነው። ለከብትና ለበግ የሚሸጠው ባለ 1 በመቶ መርፌ በአንድ ሚሊሊትር 10 ሚሊግራም ይይዛል። ለወፍ የተለመደው መጠን በኪሎ 0.2 ሚሊግራም ነው። ባጂ 35 ግራም ብትመዝን የሚያስፈልጋት 0.007 ሚሊግራም ብቻ ነው። አንድ ጠብታ የዚህን 70 እጥፍ ያህል አለው! እንግዲህ "ጠብ አድርግላት" የሚል ምክር ምን እንደሚያደርግ አስቡት። ሐኪም አቅጥኖ ይስጣት።

የትንፋሽ ድምፅን ሁሉ ጉንፋን ማለት

ካናሪ የምትባለው ትንሽ ዘማሪ ወፍ ስትተነፍስ ጠቅ ጠቅ ካለች፣ አፏን ከፍታ ጅራቷን ከፍ ዝቅ ካደረገች፣ የአየር ቧንቧዋ ውስጥ የገባ ቅንቅን ሊሆን ይችላል። ለዚህ አንቲባዮቲክ አይሠራም።

የሰው ካፕሱል ውሃ ውስጥ መበተን

ቴትራሳይክሊን የተባለውን አንቲባዮቲክ ከፋርማሲ ገዝቶ ውሃዋ ላይ መነስነስ የተለመደ ነው። የታመመች ወፍ ግን ውሃ የምትጠጣው ጥቂት ነው፤ ቀለሙና ጣዕሙ ሲለወጥባት ጭራሽ ትተወዋለች። ኬጁ ውስጥ የተሰቀለው የካልሲየም አጥንትም መድኃኒቱን ይይዘውና ወደ ደሟ በደንብ አይገባም። ሁለት ቀን ሰጥቶ "ተሻላት" ብሎ ማቆም ደግሞ ይብሳል። በቀቀንና እርግብን የሚይዘው የክላሚዲያ ባክቴሪያ አብዛኛውን ጊዜ ዶክሲሳይክሊን በተባለ አንቲባዮቲክ 45 ቀን ይታከማል።

ኩስን በደረቁ መጥረግ

ይኸው ባክቴሪያ ወደ ሰው ይተላለፋል። በ1929 እና 1930 እ.ኤ.አ. ከደቡብ አሜሪካ በመርከብ የመጡ በቀቀኖች በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ ሰው አሳምመዋል፤ የሞቱም ነበሩ። መንገዱ የደረቀ ኩስ አቧራ ነው። መጥረጊያ ሳታነሡ ውሃ እርጩበት፤ ማስክ አድርጉ፤ ቬንቲሌተሩን አጥፉ። ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታትና ደረቅ ሳል ከያዛችሁ፣ ወፍ እንደምታሳድጉ ለሐኪሙ ሳትጠየቁ ንገሩ። እሱ ላይጠይቃችሁ ይችላል።

አዲስ ወፍ በገባችበት ቀን መቀላቀል

ቢያንስ አንድ ወር ሌላ ክፍል ትቆይ፤ ዕቃዋም ለብቻ ይሁን። በዚህ ጊዜ በግራም በሚለካ የኩሽና ሚዛን በየሳምንቱ መዝኗት። ላባ ክሳትን ይሸፍናል፤ ሚዛን አይሸፍንም። ምግብ ስትሰጡ ነባሮቹን አስቀድሙ፣ አዲሷን በመጨረሻ፤ ከዚያ እጃችሁን ታጠቡ።