ቤት የተሠራ የባላስት ታንክ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ሥራዬ የጀልባ ፋይበርግላስ መጠገን ነው። የምኖረው ዳላስ አጠገብ ስለሆነ ደንበኞቼ በአብዛኛው ሉዊስቪል ሐይቅ ላይ የሚዝናኑ ሰዎች ናቸው። በየዓመቱ ሙቀቱ ሲጀምር ስልኬ ይበዛል። የሚደውሉልኝ የብርዱን ወራት ጋራዣቸው ውስጥ ለዌክቦርድ (ጀልባ እየጎተተው ማዕበል ላይ ለሚንሸራተቱበት ሰሌዳ) ጀልባቸው የባላስት ታንክ ሲሠሩ የከረሙ ናቸው። የአገራችን ልጆችም አሉበት። እጃቸው ጎበዝ ነው። ይዘውት የሚመጡት ችግር ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። እሱን ሰፋ አድርጌ እጽፈዋለሁ፣ ሌላውን ባጭሩ።

ባላስት ማለት ጀልባዋ ጠለቅ ብላ እንድትሄድና ከኋላዋ ትልቅ ማዕበል እንድትተው ሆን ተብሎ የሚጫን ውሃ ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። ስለዚህ 400 ሊትር ታንክ ሞላችሁ ማለት ስድስት ሰው ወለል ሥር አስቀመጣችሁ ማለት ነው። ይህን ሁልጊዜ አስቡ።

ባትሪውን፣ ፊውዙንና የመግቢያውን ቫልቭ አይታችኋል ብዬ ልጀምር።

ፓምፑ ይዞራል፣ ውሃ ግን የለም

የአየሬተር ፓምፕ ከሆነ አየር ይዟል። ይህ ዓይነቱ ፓምፕ ይገፋል እንጂ አይስብም፣ ስለዚህ ከሐይቁ የውሃ ልክ በታች መቀመጥ አለበት። ቱቦው መሃል ላይ ጉብ ካለ አየሩ እዚያ ይቀራል፤ አስተካክሉት። ባለ ጎማ ክንፍ ፓምፕ ከሆነ ደግሞ ደርቆ ሲዞር ክንፉ ተበልቷል። ክፈቱና ቀይሩት። የተበጠሱትን ቁርጥራጮች አንድ በአንድ ሳታገኙ አትዝጉት፣ ቱቦው ውስጥ ሄደው ይሸጎጣሉ።

ታንኩ እስከ ላይ አይሞላም፣ ወለሉ ያብጣል፣ ስታፈሱት ይንቋቋል

ሦስት ምልክት፣ አንድ በሽታ። የአየር መተንፈሻው ነው።

የዘይት ጀሪካን አስቡ። ሙሉውን ስታዘነብሉት እየተቆራረጠ ይንዶቀዶቃል። ባለሱቁ ከላይ በኩል በምስማር ይበሳዋል፣ ያን ጊዜ ዘይቱ ሳይቆራረጥ ይወርዳል። ዘይቱ የሚወጣው አየር ሲገባ ነው። የእናንተም ታንክ እንደዚያው ነው። አገር ቤት ያለው ሮቶ ክዳኑ አየር ስለሚያሳልፍ ማንም ስለ መተንፈሻ አያስብም። ጀልባ ውስጥ የሠራችሁት ታንክ ግን በስድስቱም ፊት በፋይበርግላስ ታሽጓል። አየሩ የሚያውቀው እናንተ የተዋችሁለትን ቀዳዳ ብቻ ነው።

አሁን ስህተቱ። መሙያው ባለ 1 ኢንች ቱቦ ይሆናል፣ መተንፈሻው ግን ግማሽ ኢንች። «አየር ነው፣ ምን ቦታ ይፈልጋል» ይሉኛል። መጀመሪያ ላይ እውነት ይመስላል፤ አየር በቀጭን ቱቦም ይሮጣልና። ጉዱ የሚመጣው ታንኩ ሞልቶ ፓምፑ ሳይጠፋ ሲቀር ነው። ያን ጊዜ በመተንፈሻው መውጣት ያለበት ውሃው ራሱ ነው። ግማሽ ኢንች ቱቦ ደግሞ አፉ የ1 ኢንቹን ሩብ ነው የሚያህለው። ውሃው መሄጃ ሲያጣ ታንኩን ይገፋል።

ምን ያህል ይገፋል? የታንኩ ክዳን 50 በ90 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። የመተንፈሻው መውጫ ከክዳኑ 70 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ጀልባዋ ጎን ላይ ነው። ታንኩ ሞልቶ ውሃው እዚያ መውጫ ድረስ ሲወጣ ክዳኑ ላይ ከታች ወደ ላይ 315 ኪሎ ያርፋል። ይህ ሁሉም ነገር በትክክል ሲሠራ ነው። መተንፈሻው ተዘግቶ ፓምፑ 3 ሜትር ከፍታ የሚገፋ ከሆነ ያው ክዳን 1,350 ኪሎ ይሸከማል። 12 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶና ሁለት ንብር ፋይበርግላስ ይህን አይችልም።

ባለፈው ዓመት አንድ ሰው ጀልባውን ይዞ መጣ። የኋላው መቀመጫ ከነብሎኑ ተነስቷል። ያነሳው የታንኩ ክዳን ነው። ፓምፑን አስነስቶ ልጆቹን የሕይወት ጃኬት ሊያለብስ ሄደ። ሲመለስ መቀመጫው ከፍ ብሏል። ልጅ ተቀምጦበት ቢሆንስ? እስከ ዛሬ ሳስበው ይጨንቀኛል። መተንፈሻውን ፈትቼ ሳየው ጭቃ የሚሠራው ተርብ ቤት ሠርቶበታል። ቴክሳስ ውስጥ ይህ ተርብ ያገኘውን ቀዳዳ ሁሉ ይደፍናል። በየወቅቱ መጀመሪያ ሽቦ ሰዳችሁ እዩት። መውጫው ላይ ወንፊት አድርጉ፣ ግን ዝገት የማይበላው ይሁን።

በተቃራኒውም ይመጣል። ሌላው ደንበኛዬ በቆመበት ዝናብ እንዳይገባ ብሎ መተንፈሻውን በፕላስተር አሸገው። ሐይቅ ላይ ሞላው፣ ፕላስተሩን ግፊቱ ላላ አድርጎት ስለነበር ችግር አልታየም። ማታ ሲያፈሰው ፓምፑ ስቦ ፕላስተሩን ወደ ቀዳዳው መልሶ አጣበቀው። ባዶ የሃይላንድ ላስቲክ በአፍ ስትስቡት እንዴት ጭምድድ እንደሚል ታውቃላችሁ። የጎኑ ግድግዳ እንደዚያ ወደ ውስጥ ገባ። ከጀልባዋ ቀፎ ጋር የተያያዘበትን ፋይበርግላስ ገንጥሎ ይዞት ሄደ። የሦስት ወር ሥራ በአንድ ምሽት።

መፍትሄው ይኸውና። የመተንፈሻው ውፍረት ከመሙያው አይነስ፣ ቢበልጥ ይሻላል። ቱቦው ከታንኩ እስከ መውጫው ሳያቋርጥ ይውጣ። መሃል ላይ ከረገበ እዚያ ውሃ ይተኛል፣ ያ ውሃ እንደ ቡሽ ነው። ቱቦው ሲታጠፍ የማይጨመደድ፣ ውስጡ ሽቦ ወይም ጠንካራ ጥምጥም ያለው ይሁን። የአትክልት ማጠጫ ጎማ የምታስገቡትን እለምናችኋለሁ፣ ተዉት። ሞተሩ አጠገብ በሙቀት ይለሰልስና ተጣጥፎ ይዘጋል።

ቦታውም አለ። ይህን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ታንኩ ጋራዥ ውስጥ ተጎታቹ ላይ ሆኖ ሲታይ ከፍተኛው ጥግ የትኛው እንደሆነ ግልጽ ይመስላል። ሐይቅ ላይ ግን የኋላ ታንክ ሲሞላ ኋላው ይጠልቃል፣ አፍንጫው ይነሳል። ያን ጊዜ የታንኩ ከፍተኛ ጥግ የፊተኛው ነው። መተንፈሻው የኋለኛው ጥግ ላይ ከሆነ አየሩ ፊት ለፊት ታፍኖ ይቀራል። «ሦስት አራተኛ ላይ ይቆምብኛል» የምትሉት ይህ ነው። የፊተኛው የላይ ጥግ ላይ ሌላ መተንፈሻ ጨምሩና ሁለቱን ከላይ አገናኟቸው።

ፍሳሽ አለው ወይ ብላችሁ ስትፈትሹ

በኮምፕሬሰር አትፈትሹ። ደግሜ እላለሁ፣ በኮምፕሬሰር አትፈትሹ። ጎማ ስትነፉ እንደ ምንም የማትቆጥሩት 1 ባር፣ ያንኑ ክዳን በ4 ቶን ተኩል ይገፋዋል። ታፍኖ የሚለቀቅ አየር ደግሞ እንደ ውሃ ተንጠባጥቦ አይቀርም፣ ይፈነዳል። መተንፈሻው ላይ ግልጽ ቱቦ አቁሙ፣ ከክዳኑ እስከ መውጫው ከፍታ ድረስ ውሃ ሙሉ፣ መስመሩ ላይ ምልክት አድርጉና አሳድሩት። ጠዋት ምልክቱ ላይ ካለ ጨርሳችኋል።

ውሃ በመጋጠሚያው በኩል ወደ ጀልባዋ ሆድ ይንጠባጠባል

አዲሱ ፋይበርግላስ አሮጌው ላይ አልያዘም። ቀለሙንና ጄልኮቱን (ፋይበርግላሱ ላይ ያለውን የሚያብረቀርቅ ሽፋን) ሳታነሱ ነው የደረባችሁት። ከመጋጠሚያው በሁለቱም በኩል 8 ሳንቲ ሜትር ያህል እስከ ፋይበሩ ድረስ በግራይንደር ግለጡ፣ በ60 ወይም በ80 ብርጭቆ ወረቀት ሻካራ አድርጉት። ጥጉን በወፈረ ኢፖክሲ አጉብጡት፤ ጨርቁ ቀጥ ያለ ማዕዘን ላይ አይተኛም፣ ሥሩ አየር ይይዛል። ኢፖክሲ ደርቆ ቅባት የመሰለ ነገር ካወጣ መጀመሪያ በውሃ እጠቡት፣ ከዚያ ነው ብርጭቆ ወረቀት። ኢፖክሲ ላይ ፖሊስተር ሬዚን አትደርቡ፣ በደንብ አይያያዝም።

ሲልከን ደግሞ አለ። እባካችሁ ፍሳሹን በሲልከን አትድፈኑ። ለሁለት ቅዳሜ ይይዝ ይሆናል። ከዚያ ይላቀቃል፣ ቅባቱ ግን ይቀራል፣ እኔ ስመጣ ምንም ነገር አይጣበቅልኝም። ከጥገናው ሥራ ግማሹ ያን ሲልከን መፋቅ ነው።

ኮምፔንሳቶው ላይ ብሎን ከበሳችሁ ቀዳዳውን አስፍታችሁ በኢፖክሲ ሙሉት፣ ሲደርቅ መሃሉን ብሱት። አለዚያ እንጨቱ ውሃ ይጠጣል።

ሳትነኩት ራሱ ይሞላል

ይህ ጀልባ ያሰጥማል። ታንኩ ከሐይቁ ውሃ ልክ በታች ነው፣ መግቢያው ቫልቭ ተከፍቶ ቀርቷል፣ አንዴ የጀመረው ውሃ በራሱ ይሳባል። መስመሩን ከውሃው ልክ በላይ አውጥታችሁ መልሱት፣ አናቱ ላይ አየር የሚያስገባ ቫልቭ አድርጉ። መግቢያው ላይ በእጅ የሚዘጋ የነሐስ ቫልቭ ይኑር፣ ከጀልባዋ ስትወርዱ ዝጉት።

አንድ ተንኮለኛ ነገር አለ። ማፍሰሻውን የበሳችሁት ጀልባዋ ባዶ ሆና ነው። ከውሃው 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ነበር። አሁን ባላስቱ ሞልቷል፣ ሰባት ሰው ተሳፍሯል፣ ያ ቀዳዳ ውሃ ውስጥ ገብቷል። ቀዳዳ ከመብሳታችሁ በፊት ጀልባዋን ጭናችሁ የውሃውን ልክ ቀፎው ላይ አስምሩ።

ስትታጠፉ ጀልባዋ ዘንበል ብላ ትቆያለች

ታንኩ ግማሽ ነው፣ ውሃው ወደ አንድ ጎን ሮጧል። ከግራ እስከ ቀኝ አንድ ወጥ ታንክ አትሥሩ። መሃሉን አሽጋችሁ ለሁለት ብትከፍሉት ይህ መናጋት ወደ ሩብ ይወርዳል። ከፊት ወደ ኋላ ለሚሮጠው ውሃ ግን ቀዳዳ ያለው ግድግዳ ይበቃል፤ ከላይ ለአየር፣ ከታች ለውሃ ጥጉን ቁረጡለት። ከ20 ጫማ ያነሰች ጀልባ ላይ የሚችለው ክብደት የተጻፈበት ሰሌዳ አለ። ባላስቱም እዚያ ውስጥ ይቆጠራል። ቦታ ለማግኘት ብላችሁ ከወለል ሥር ያለውን ፎም ከነቀላችሁ ደግሞ ስትሞላ የሚያንሳፍፋትን ነው የነቀላችሁት።

ሞተር ክፍል ውስጥ ፓምፕ ካስገባችሁ

ብልጭታ ወደ ውጭ እንዳያወጣ ተዘግቶ የተሠራ የጀልባ ፓምፕ ብቻ። ርካሹን የመኪና ፓምፕ አውጡት። ቤንዚን ተኖ ከታች ይተኛል። ታንኩ የአየር ማራገቢያውን ቱቦ ከዘጋው ታንኩን ቁረጡ።

ውሃው ሙሉ በሙሉ አይወጣም

የታንኩ ወለል ጠፍጣፋ ስለሆነ ነው። ወደ አንድ ጥግ ዘንበል አድርጋችሁ እዚያ ማፍሰሻ ቡሽ ግጠሙ። ይህን «ትንሽ ውሃ ናት» ብላችሁ አትለፉት። እ.ኤ.አ. በ2009 ቴክሶማ ሐይቅ ላይ የተገኘው የሜዳ አህያ መልክ ያለው ባለ ሁለት ቅርፊት ትንሽ የውሃ እንስሳ፣ ዜብራ መስል የሚሉት፣ ሉዊስቪልንም ወሮታል። ጫጩቱ በዓይን አይታይም፣ በተረፈች ውሃ ከሐይቅ ወደ ሐይቅ ይጓዛል። ቴክሳስ ውስጥ ከ2014 ጀምሮ ሐይቅ ስትገቡም ስትወጡም ውሃ ሁሉ እንዲፈስ ሕጉ ያስገድዳል።

ብርዱም አለ። ውሃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ያህል ይሰፋል። የየካቲት 2021 ብርድ ጊዜ ከተከፈቱልኝ ታንኮች አብዛኞቹ የተሰነጠቁት ከታች ጥጋቸው ላይ ነበር፣ ያቺ ሁለት ጣት ውሃ የተኛችበት ቦታ። ፓምፖቹም አብረው ተሰነጠቁ። ከኅዳር በፊት ቡሹን ንቀሉ፣ ተጎታቹን አፍንጫዋ እንዲነሳ አድርጋችሁ አቁሙ፣ የፓምፑንም ቱቦ ፍቱ። ቡሹን ከመሪው ጋር በገመድ እሰሩት፣ በሚቀጥለው ወቅት ሳትገጥሙት እንዳትገቡ።