የኪችን ካቢኔት ቀለም መላጡን ያቆመው አሠራር

አዲሱ ቀለም በጥፍር ሲነካ እንደ ላስቲክ ይላጥ ነበር፤ ከእቃ ማጠቢያው ስር ያሉት በሮችም ጠርዛቸው አብጧል። ጥፋቱ የቀለሙ አይደለም። ካቢኔቱ የተሠራበት ችፑድ (ከእንጨት ፍርፋሪ የተጨመቀ ጣውላ) ልባሱ ሜላሚን የተባለ ፕላስቲክ መሰል ሽፋን ስለሆነ ቀለም አይመጥም፤ በዚያ ላይ የወጥ ዘይት ተጋግሮበታል።

በሮቹ ተፈትተው ቁጥር ተጻፈባቸው። የሚላጠው ሁሉ ተፍቆ ከወረደ በኋላ በሙቅ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና ታጠቡ፣ በንጹህ ውሃ ተወልውለው ደረቁ። እጥበቱ ከብርጭቆ ወረቀት መቅደም አለበት፤ አለዚያ ዘይቱ ጭረቱ ውስጥ ይገባል። ቀጥሎ በ180 ቁጥር ወረቀት አብረቅራቂው እስኪፈዝ ብቻ ተፈተገ፤ ሜላሚኑ ከተበሳ ችፑዱ ይገለጣል።

ያበጠ ጠርዝ ቢደርቅም አይሟሽሽም። የላላው ፍርፋሪ ተፍቆ በዘይት ፕራይመር፣ ማለትም ከቀለም በፊት በሚቀባ መሠረት፣ ታሸገ (የውሃ ፕራይመር የተገለጠ ችፑድን መልሶ ያሳብጠዋል)፣ ከዚያ ስቱኮ ተሞልቶ በ240 ቁጥር ወረቀት ለሰለሰ።

ለሜላሚን የሚሆን የዘይት ፕራይመር ለገጹ 1 እጅ፣ ለጠርዙ 2። ማግስቱን በጥፍር ተሞከረ፣ ያዘ። ሲንተቲክ ቀለሙ በስፖንጅ ሮለር 2 ስስ እጅ፣ በመካከሉ 24 ሰዓት። በሮቹ ከተገጠሙ በኋላም ለ1 ሳምንት እርጥብ ጨርቅ አልነካቸውም።