ፓኬጁ ወጣ፣ ዲፔንደንሲዎቹ ቀሩ፦ በአንሲብልና በፐፔት ሲያስወግዱ የሚያጋጥሙ ችግሮች

ችግር፦ መስመሩን ከፕሌይቡኩ ቢያጠፉትም ፓኬጁ ሰርቨሩ ላይ አለ

አንሲብል፣ እንደ ፐፔት ሁሉ ሰርቨሮችን በተጻፈ መመሪያ የሚያስተዳድር መሣሪያ፣ የሚፈጽመው በፕሌይቡኩ (በመመሪያ ፋይሉ) የተጻፈለትን ብቻ ነው። መስመሩ ከጠፋ ስለዚያ ፓኬጅ የሚያስበው ነገር የለም። መስመሩን ይመልሱና ስቴት የሚለውን አብሰንት (አይኑር) ያድርጉት። መስመሩ የሚነሳው ፓኬጁ ከሁሉም ሰርቨሮች መውጣቱ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። ወጥቶ እንደገና ከተጫነ ደግሞ ሌላ ሮል (የተግባሮች ስብስብ) ፕረዘንት (ይኑር) ብሎ ጠይቆታል፣ ወይም ሌላ ፓኬጅ ይዞት ገብቷል።

ችግር፦ ፓኬጁ ወጥቷል፣ አብረውት የገቡት ላይብረሪዎች (ዲፔንደንሲዎቹ) ግን አሉ

ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ አብሰንት ብቻውን አይበቃም፤ ፈላጊ ያጡትን የሚያወጣው አውቶሪሙቭ ትሩ (አዎ) መሆን አለበት። ይህም ተደርጎ ካልወጡ ፕሌይቡኩን ይመርምሩ። ላይብረሪዎቹ በስማቸው ተዘርዝረው ተጭነው ከሆነ አፕት (የእነዚህ ሲስተሞች ፓኬጅ ጫኚ) ሰው ፈልጎ እንዳስገባቸው አድርጎ ይመዘግባቸዋል፤ አውቶሪሙቭም አይነካቸውም። በአፕት-ማርክ ሾውማንዋል ዝርዝሩን ይዩ፣ የማያስፈልጉትን በአፕት-ማርክ አውቶ ይቀይሩ፣ ከዚያ ደግመው ያሂዱ። አሁንም የቀረ ካለ ሌላ ፓኬጅ ይፈልገዋል ወይም ሪኮመንድ ያደርገዋል (አብሮ እንዲጫን ይመክራል)፤ አፕት በነባሪው ሁለቱንም ያከብራል። ከመነሻው ዋናውን ፓኬጅ ብቻ መጻፍ ይህን ሁሉ ያስቀራል።

ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል፦ አውቶሪሙቭ የዚያን ፓኬጅ ብቻ ሳይሆን ሰርቨሩ ላይ ፈላጊ ያጣውን ሁሉ ያወጣል። መጀመሪያ በሊሚት አንድ ሰርቨር መርጠው በቼክና በዲፍ (ሳይቀይር ለውጡን ብቻ እንዲያሳይ) ያሂዱት፤ የሚወጡትን ስሞች አንድ በአንድ ያንብቡ።

ችግር፦ ያልተጠየቀ ፓኬጅ አብሮ ወጣ

አብሮ የወጣው፣ እንዲወጣ ያዘዙትን ፓኬጅ ይፈልግ ነበር። አስቀድሞ በአፕት-ካሽ አርዲፔንድስ፣ ኢንስቶልድ ከሚለው አማራጭ ጋር፣ ማን እንደሚፈልገው ይታያል። ስም ላይ ኮከብ ምልክት መጠቀም ደግሞ ያላሰቡትንም ይጠርጋል፤ ሙሉ ስም ይጻፉ።

ችግር፦ ፐፔት ሬድ ሃት ላይ «ፌልድ ዲፔንደንሲስ» ብሎ ይቆማል

ፐፔት ሬድ ሃት ላይ ፓኬጅ የሚያስተዳድርበት ያም ፕሮቫይደር ለአብሰንት የሚጠቀመው የአርፒኤም ማጥፊያ ትዕዛዝን ነው፤ እሱ ደግሞ ሌላ ፓኬጅ የሚፈልገውን አያወጣም። በአብሰንት ፋንታ ፐርጅድ ካሉት ፈላጊዎቹን ጭምር ይነቅላል። ተፈላጊው ይህ ካልሆነ ፈላጊዎቹን በቅድሚያ አብሰንት ያድርጉ።

ችግር፦ የኮንፊግ ፋይሎች ቀሩ

የዲፒኬጂ (አፕት ከሥሩ የሚጠቀምበት ፕሮግራም) ዝርዝር ላይ «አርሲ» (ፓኬጁ ወጥቷል፣ ኮንፊጉ አለ) የሚል ምልክት ይታያል። አንሲብል ላይ ፐርጅ ትሩ ያድርጉ፤ ፓኬጁ ቀደም ብሎ ወጥቶ ከሆነም ይሠራል። ዳታቤዝ ከሆነ ግን ባክአፕ ሳይዙ አይጀምሩ፣ ፐርጅ ዳታውንም ሊያጠፋ ይችላል።

ችግር፦ የአፕት ሎክ ተይዟል

ሎኩ ሁለት ሥራዎች በአንድ ጊዜ ፓኬጅ እንዳይቀይሩ ያግዳል፤ ብዙውን ጊዜ የያዘው አውቶማቲክ ማሻሻያው ነው። የሎክ ፋይሉን በእጅ አይሰርዙ። አንሲብል በነባሪው 60 ሰከንድ ይጠብቃል፤ ሎክ ታይምአውትን 300 ያድርጉት።