የቱቦ ማራገቢያዬ ግፊት ለምን እንዳነሰና እንዴት እንዳስተካከልኩት
በቤቴ ለምሠራው ባለአንድ ሰው አውሮፕላን ያዘጋጀሁት፣ በቱቦ ውስጥ የሚሽከረከር የ60 ሳንቲሜትር የኤሌክትሪክ ማራገቢያ፣ ሞተሩ ሙሉ ኃይል እየሳበ በሚዛን ላይ የሚያሳየው ግፊት (አውሮፕላኑን ወደ ፊት የሚገፋው ኃይል) ካሰላሁት በእጅጉ ያነሰ ነበር። ሞተሩንና ባትሪውን ብፈትሽም ጤነኞች ነበሩ። በቱቦው አፍ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ አጫጭር የጥጥ ክሮች ለጥፌ ሳስነሳው፣ ክሮቹ ወደ ውስጥ በመተኛት ፈንታ ወዲያና ወዲህ ተንቀጠቀጡ፤ አየሩ ስለታም በሆነው ከንፈር ላይ ከግድግዳው እየተላቀቀ ነበር። ስለዚህ ከፎም ቀርጬ በፋይበርግላስ የሸፈንኩትን፣ እንደ ጥሩምባ አፍ ወደ ውጭ የሚከፈት ድቡልቡል ከንፈር ገጠምኩ። አውሮፕላኑ ቆሞ ሳለ፣ በንድፈ ሐሳብ ወደ ግማሽ የሚጠጋውን ግፊት የሚሸከመው ቱቦው ራሱ፣ በተለይም ይህ ከንፈር ስለሆነ፣ ለውጡ ወዲያው በሚዛኑ ታየ። ቀጥሎም በዚያ የሚያመልጠው አየር እንዲቀንስ፣ በማራገቢያው ምላጮች ጫፍና በቱቦው ግድግዳ መካከል የነበረውን የ6 ሚሊሜትር ክፍተት ወደ 3 አጠበብኩት፤ ከዚያ በታች ግን አልደፈርኩም፣ ቱቦው በጭነት ትንሽ ቢጎብጥ ምላጩ ይነካዋልና።